ዐውሎ ነፋስ የሩቅ ባሕር ነገር ብቻ ነውን?

በዘመናችን ስለ ዐውሎ ነፋስ ሲወራ የማይሰማ ሰው የለም። ራዲዮ በከፈተ ጊዜ ወይም ስልኩን ባየ ጊዜ ሁሉ፣ በአንድ ሩቅ ባሕር ላይ ዐውሎ መነሣቱ፣ ስም እንደ ወጣለት፣ ደረጃው ሦስት ወይም አምስት መሆኑ፣ ነፋሱም በሰዓት ይህን ያህል ኪሎ ሜትር መብረሩ ይነገረዋል፤ እርሱም ቁጥሩ ትልቅ እንደ ሆነ ይደነግጣል፣ ትንሽ እንደ ሆነ ይረሳዋል፣ ትልቅም ቢሆን ትንሽ ግን በመጨረሻው ለነዚያ ሰዎች ምሕረቱን ያውርድላቸው ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከዚህ ልማድ ሁለት እምነቶች ተወልደው በተማረውም ባልተማረውም ልብ ሥር ሰድደዋል። አንደኛው፣ የዐውሎ ነፋስ ኃይል ማለት ከመካከሉ አጠገብ የሚነፍሰው፣ ከሁሉ የበረታው ነፋስ ፍጥነት ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ያ ነፋስ የማይደርስበት አገር ሰው፣ ይልቁንም እንደ ወረኢሉ ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ባሕር በማይታይበት ደጋ ላይ የሚኖር ሰው፣ በዚህ ነገር ዕጣም ፈንታም የለውም የሚል ነው።

እኔ ሁለቱም እምነቶች ስሕተት መሆናቸውን፣ ሁለተኛውም ስሕተት የመጀመሪያው ልጅ መሆኑን ለማስረዳት እጽፋለሁ። የዐውሎ ነፋስን ኃይል በአንድ ቀለበት ውስጥ በሚነፍስ ነፋስ ፍጥነት ብቻ የሚለካ ሰው፣ ያ ቀለበት በማያልፍበት አገር ዐውሎው ምንም ሥራ የለውም ብሎ ማሰቡ የማይቀር ነው፤ ዐውሎውን በሙሉ አካሉ፣ ማለት በስፋቱ፣ አየር በሚስብበት አቅጣጫ፣ በሚቆይበት ቀን፣ በሚሰበስበው እርጥበትና እርጥበቱን በሚያፈስስበት ስፍራ የሚመረምር ሰው ግን፣ ከሞዛምቢክ ባሕር እስከ ወረኢሉ የገብስ ማሳ ድረስ የተዘረጋ አንድ የነፋሳት ሥርዓት ያገኛል።

አስቀድሜ የሚቃወሙኝን ሰዎች ሐሳብ በሚገባው ክብር ላቅርብ። ዛሬ በዓለም የታወቀውን ባለ አምስት ደረጃ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያቆሙት ኸርበርት ሳፊር የተባለው መሐንዲስና በአሜሪካ የብሔራዊው የሐሪኬን ማእከል ኃላፊ የነበረው ሮበርት ሲምፕሰን ናቸው። ሳፊር የጠየቀው ጥያቄ የመሐንዲስ ጥያቄ ነበር፤ ይህን ያህል የበረታ ነፋስ ቢመጣ ቤቱ ምን ይሆናል? ጣራው ይገነጠላል ወይስ ግድግዳው ጭምር ይፈርሳል? በሰዓት ከ119 ኪሎ ሜትር ጀምሮ 252 ኪሎ ሜትር ሲደርስ አምስተኛ ደረጃ የሚሆነው ይህ መለኪያ ለዚያ ጥያቄ መልካም መልስ ነው፤ የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ በጠረፍ የሚኖርን ሕዝብ በጊዜ ለማሸሽ አጭርና ግልጽ ቁጥር ማስፈለጉን እኔም አልክድም። የምቃወመው መለኪያውን አይደለም፤ ለአንድ ጥያቄ የተሰጠውን መልስ ለጥያቄዎች ሁሉ መልስ ማድረጋችንን ነው። ይህ ቁጥር በአሥር ሜትር ከፍታ ላይ ለአንድ ደቂቃ ሳያቋርጥ ከሚነፍሰው ነፋስ መካከል የበረታውን ይነግረናል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ባሕሩ ሙላት፣ ስለ ዐውሎው ስፋትና ዕድሜ ግን አንዲት ቃል አይናገርም። የመለኪያው ባለቤቶች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2010 የባሕሩን ሙላትና የአየሩን ግፊት ከውስጡ አውጥተው፣ መለኪያው የነፋስ ብቻ መሆኑን በስሙ ላይ ሳይቀር አስታውቀዋል። እነርሱ የወሰኑትን ወሰን ግን ዜና ነጋሪዎችና ሰሚዎች አላከበሩትም።

ስለዚህ የዐውሎውን ተፈጥሮ ጥቂት እንመርምር። ሐሪኬን ተባለ፣ ታይፉን ተባለ፣ ወይም በሕንድ ውቅያኖስ እንደሚባለው ሳይክሎን ተባለ፣ በየውቅያኖሱ ስሙ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ሙቀቱ ከ26 ዲግሪ ተኩል በላይ ከሆነ ባሕር የሚተንነው እንፋሎት ወደ ላይ ወጥቶ ደመና ሲሆን፣ ከባሕሩ ይዞት የወጣውን ሙቀት ይለቃል፤ የሞቀው አየር ይበልጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከሥሩ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ጎደሎውንም ለመሙላት ከዙሪያው ሁሉ አየር ይሮጣል። ነገር ግን ምድር ስለምትዞር ይህ አየር በቀጥታ ወደ መካከሉ መድረስ አይቻለውም፤ እየዞረ ይቀርባል። እሸቱን ከወፍ የሚጠብቅ ልጅ ወንጭፉን ሲያዞር ገመዱን ባሳጠረ መጠን ድንጋዩ እንደሚፈጥን፣ አየሩም ወደ መካከሉ በቀረበ መጠን ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄድና፣ ከዚያ አልፎ ሊቀርብ የማይችልበት ወሰን ሲደርስ በዓይኑ ዙሪያ የደመና ቅጥር ሠርቶ ሽቅብ ይወጣል። ከሁሉ የበረታው ነፋስ ያለው በዚህ ቅጥር ሥር ነው፤ ከቅጥሩ ውስጥ ጸጥ ያለው ዓይን አለ፤ ከቅጥሩ ውጭ ደግሞ ጥምዝ የዝናብ ደመናዎች በመቶ ኪሎ ሜትሮች ተዘርግተው ይዞራሉ። እንግዲህ በዜና የሚነገረን ቁጥር የሚያመለክተው ከዓይኑ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ያህል የሚርቀውን ቀጭን ቀለበት ነው፤ ዐውሎው አየር የሚስብበት ግዛት ግን ከዚያ ቀለበት ጋር የማይነጻጸር ሰፊ ነው።

ይህም አካል ባለበት የሚጸና አይደለም፤ ቅርጹና ብርታቱ በየሰዓቱ ይለዋወጣል፤ ብርታቱ ሲቀንስም ጉዳቱ ይቀንሳል ማለት አይደለም። በበረታ ዐውሎ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታይ አንድ ነገር አለ፤ ከመጀመሪያው የዓይን ቅጥር ውጭ ሁለተኛ ሰፊ ቅጥር ይነሣና ወደ ውስጥ የሚሮጠውን እርጥብ አየር ያግደዋል፤ ውስጠኛው ቅጥር ምግቡን አጥቶ ይፈርሳል፤ በዚህ ጊዜ ከፍተኛው የነፋስ ፍጥነት ዝቅ ስለሚል ዜናው ዐውሎው ደከመ ይላል። ነገር ግን ያ ዐውሎ ሰፋ እንጂ አልደከመም፤ የበረታው ነፋስ ቀድሞ ባልደረሰበት ውኃና ምድር ላይ ተዘርግቷል፤ በጠቅላላ አካሉ የያዘው የእንቅስቃሴ ኃይል ከቀድሞው የበለጠ ሊሆን ይችላል። በነሐሴ 1997 ዓ.ም. ኒው ኦርሊንስን ያጠፋው ካትሪና በባሕር ላይ ሳለ እንዲህ ያለውን የቅጥር ለውጥ አልፎ ስፋቱ እጥፍ ያህል ሆነ፤ ከዚያም ነፋሱ በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ደረሰ፤ ምድር ሲነካ ወደ 205 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ ሦስተኛ ደረጃ ተባለ፤ ሆኖም አስቀድሞ የገፋው ውኃ በሚሲሲፒ ጠረፍ ከ8 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቤቱንም ሰዉንም ጠረገ። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ኒው ዮርክን በባሕር ውኃ ያጥለቀለቀው ሳንዲም ምድር ሲነካ ነፋሱ ከአንደኛ ደረጃ ያልዘለለ ነበር፤ ነገር ግን በዐውሎ ደረጃ የሚነፍሰው ነፋሱ ከዳር እስከ ዳር ወደ 1,600 ኪሎ ሜትር፣ ማለት የኢትዮጵያን ስፋት ከምዕራብ ጫፏ እስከ ምሥራቅ ጫፏ የሚያህል ነበር። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ሁለቱንም ጊዜ ተሳስቷል።

ከአሜሪካ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበውን እንይ። በ2015 ዓ.ም. ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ከአምስት ሳምንት በላይ የኖረው ፍሬዲ ከአውስትራሊያ አጠገብ ተነሥቶ የሕንድን ውቅያኖስ በሙሉ አቋረጠ፤ አምስተኛ ደረጃ በነበረበት ጊዜ በውኃ ላይ ነበረ፤ በማላዊ፣ በብላንታይር ዙሪያ ባሉት ተራሮች ላይ ደርሶ ከነፋሱ የቀረው ጥቂት በሆነ ጊዜ ግን፣ የያዘውን ዝናብ ለቀናት አፍስሶ ተራራውን በሰዉ ላይ ናደ፤ በዚያች አገር የሞቱትና የጠፉት ከ1,000 በላይ ሆኑ። ከዚህም የቀረበ ምስክር በደጃችን አለ። በኅዳር 2013 ዓ.ም. በሶማሊያ በሐፉን ምድር አጠገብ የገባው ጋቲ፣ በ12 ሰዓት ውስጥ ነፋሱ በሰዓት ከ65 ኪሎ ሜትር ወደ 185 ኪሎ ሜትር ዘልሎ፣ ባለ ሙያዎቹ ፈጣን መበርታት የሚሉትን ወሰን፣ ማለት በአንድ ቀን ውስጥ የ55 ኪሎ ሜትር ጭማሪን፣ በግማሽ ቀን ብቻ ከእጥፍ በላይ አለፈው፤ በሶማሊያም ምድር ከገቡት ዐውሎዎች ሁሉ የበረታው ተባለ። ነገር ግን ጋቲ ትንሽና ጠባብ ዐውሎ ነበር። ሳጋር የተባለው በግንቦት 2010 ዓ.ም. በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ወደ ሶማሌላንድ የገባው ደግሞ የሐሪኬንን የመጀመሪያ ደረጃ እንኳ ያልደረሰ ነበር፤ ሆኖም በጎርፉ የሞተው ሰው በጋቲ ከሞተው እጅግ የበዛ ሆነ፤ ዝናቡም ድንበር ሳያግደው ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። ጋቲ የመታው ሰው የሳሳበትን ምድር መሆኑ ለዚህ አንዱ ምክንያት መሆኑን አልሰውርም፤ ይህም ቢሆን ቁጥሩ ስለማይነግረን ነገር የሚመሰክር ነው እንጂ የሚያፈርሰኝ አይደለም።

እንዲህ ያለው አስተሳሰብ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። ሙሉ አካሉ በግእዝ ተጠብቆ ለዓለም የተረፈው መጽሐፈ ሄኖክ ስለ ነፋሳት ሲናገር በዐሥራ ሁለት አናቅጽ፣ ማለት በሮች፣ ይከፍላቸዋል፤ ከአራቱ የበረከት ነፋሳት፣ ከስምንቱ የጥፋት ነፋሳት እንደሚወጡ ይዘረዝራል፤ ዝርዝሩም ነፋሱ ምን ያህል በረታ በሚል ሳይሆን፣ ከየትኛው በር ወጣ፣ ምንስ ይዞ መጣ በሚል ነው፤ ጠሉን፣ ዝናቡን፣ ድርቁን፣ አንበጣውን ለየነፋሱ ይመድባል። ይህን ስጽፍ የጥንቱ መጽሐፍ የዛሬውን ሳይንስ አስቀድሞ አውቆታል ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ክርክር ሁለቱንም ያዋርዳል። የምለው ይህ ነው፤ አባቶቻችን ስለ ነፋስ የጠየቁት ጥያቄ፣ ማለት ከየት መጣ፣ ወዴት ይሄዳል፣ ምን ይዟል የሚለው ጥያቄ፣ እኛ ዛሬ ከምንጠይቀው ምን ያህል ፈጠነ ከሚለው ጥያቄ ለገበሬ የሚጠቅም ነው፤ ያንን ትተን ይህን መያዛችን መሻሻል አይደለም።

አሁን ወደ ወረኢሉ እንምጣ። የደቡብ ወሎ ደጋ ሁለት ዝናብ ይጠብቃል፤ አንዱ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘንበው ክረምት፣ ሁለተኛው ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጠበቀው በልግ ነው። በወረኢሉ፣ በለጋምቦ፣ በተንታና በደሴ ዙሪያ ከፍታዎች ላይ፣ ክረምቱ ውርጭና በረዶ ስለሚያበዛ የብዙ ሰው ገብስ ተስፋው በበልግ ነው፤ ከመካነ ሰላም ወደ ዐባይ ሸለቆ ለሚወርደው ቆላ ደግሞ ማሽላው በጊዜ እንዲዘራ መሬቱን የሚያለሰልሰው የበልግ ዝናብ ነው። በየካቲት መግቢያ በዚያ ደጋ ያለ አባወራ የሚቆምበትን የምርጫ ስፍራ የማያውቅ ሰው ስለ በልግ ባይናገር ይሻላል። በሬዎቹ በጋውን በጭድ ከርመው ጎድናቸው ይታያል፤ ከጎተራው ሥር የቀረው ገብስ ሁለት ጌታ አለው፤ አንዱ ማሳው፣ ሁለተኛው የልጆቹ አፍ ነው፤ አንድ ካፊያ ወርዶ ከሆነ ጣቱን አፈሩ ውስጥ ሰድዶ እርጥበቱ እስከ የት እንደ ወረደ ይለካል፤ ዘርቶ ዝናቡ ቢቀር ዘሩንም ምግቡንም አጣ፣ ሳይዘራ ዝናቡ ቢመጣ ዓመቱን አጣ። በምህላም በዱዓም ፈጣሪውን ይለምናል፤ ከሰው ግን የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚመጣውን አሥርና ሃያ ቀን የሚያውቅ ካለ እንዲነግረው።

የበልግ ዝናብ እርጥበት በብዙው የሚመጣው ከሕንድ ውቅያኖስ ነው፤ ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ተሸክሞት ወደ ደጋው ያወጣዋል። ይህ ወራት ደግሞ በማዳጋስካር ዙሪያና በሞዛምቢክ ባሕር ዐውሎ ነፋስ የሚበዛበት ወራት ነው። በዚያ ስፍራ ሰፊ ዐውሎ ተነሥቶ ብዙ ቀን ሲቆይ፣ በዝቅተኛው የአየር ክፍል የሚጓዘውን እርጥብ ነፋስ ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ወደ ሰሜን ሊመጣ የነበረው ውኃ በደቡብ ይፈስሳል፤ በእኛም በኩል ደመና የሚያነሣው የአየር እንቅስቃሴ ይደክማል። ይህን ከግምት አውጥተው በጥናት ያቀረቡት ከአገራችን የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ዱላ ሻንቆ ከፈረንሳዊው ፒየር ካምበርሊን ጋር ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ዐውሎዎች ተከታትለው የበዙባቸው ዓመታት ከኢትዮጵያ የድርቅ ዓመታት ጋር እንደሚገጥሙ አሳዩ። በ1992 ዓ.ም. የካቲት ኢሊን የተባለው ዐውሎ፣ በመጋቢት መጨረሻ ደግሞ ሁዳ የተባለው ሞዛምቢክን ሲመቱ፣ ዓለም በጎርፍ መካከል በዛፍ ላይ የተንጠለጠሉትን ሰዎች ሲያይ፣ በዚያው ወራት የወሎ በልግ ዘግይቶና ሳስቶ ሕዝቡ የእርዳታ እህል ይጠብቅ ነበር። አንድ ዓመት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ነገር ግን ሁለቱን ዜናዎች ጎን ለጎን አንብቦ አንድ ነገር ሊሆኑ ይችላሉን ብሎ የጠየቀ ሰው ስንት ነበረ?

በዚህ ነገር ላይ የዐውሎው ደረጃ ምን ይነግረናል? ምንም አይነግረንም። ለበልጉ የሚያስፈልገው ዕውቀት ዐውሎው ምን ያህል ሰፋ፣ ስንት ቀን ቆየ፣ ይልቁንም የት ቆመ የሚለው ነው። ስፍራው ሲለወጥ ሥራው እንደሚገለበጥ በኬንያ ታይቷል፤ በ2010 ዓ.ም. በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት ዱማዚሌና ኤሊያኪም የተባሉት ዐውሎዎች በማዳጋስካር ምሥራቅ ሲያልፉ፣ ከምዕራብ በኩል እርጥብ ነፋስ ስበው በኬንያ ከልክ ያለፈ ዝናብ እንዲዘንብ ረድተዋል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ፍጥነት ያላቸው ሁለት ዐውሎዎች፣ አንዱ ከደሴቲቱ ምዕራብ ሁለተኛው ከምሥራቋ ቢቆሙ፣ በዜናችን ወንድማማች ናቸው፤ በምሥራቅ አፍሪካ ሰማይ ግን ተቃራኒዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

ዐውሎው ወደ ደጋችን የሚገባበት አንዱ በር ይህ የዝናቡ በር ከሆነ፣ ሁለተኛው በር የአንበጣው በር ነው። በግንቦት 2010 ዓ.ም. መኩኑ የተባለው ዐውሎ በኦማን በሳላላ በኩል ገብቶ ሩብዓ አልኻሊ በተባለው የዓረብ ምድረ በዳ ውስጥ ሐይቆችን ሞላ፤ የበረሃው አንበጣም በለሰለሰው አሸዋ ውስጥ ዕንቁላሉን ጣለ፤ ለምለሙ መድረቅ በጀመረ ጊዜ ደግሞ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ሉባን የተባለው ሁለተኛ ዐውሎ መጥቶ ምድረ በዳውን እንደ ገና አረጠበው። ሉባን የመን ምድር ሲገባ በደረጃው ዝርዝር ውስጥ የማይቆጠር ደካማ ነበር፤ ከመኩኑ ጋር ቢነጻጸር ዜና አይሆንም ነበር። ነገር ግን የመጀመሪያው ትውልድ አልቆ ሊቀር ሲል ለሚቀጥሉት ትውልዶች ዕድሜ የሰጠ እርሱ ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደ ገመተው አንበጣው በዘጠኝ ወራት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተዋልዶ ቁጥሩ 8,000 እጥፍ ሆነ። ከዚያ ወደ የመን ወረደ፤ በ2011 ዓ.ም. ክረምትም ባሕሩን ተሻግሮ ወደ አፍሪካ ቀንድ ገባ፤ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. መባቻ በወሎ እህል ላይ ሰፈረ። በአንድ ኪሎ ሜትር ካሬ ላይ የሚያርፍ መንጋ በቀን 35,000 ሰው የሚበላውን ያህል እህል ይጨርሳል። ሽማግሌው ጅራፍ ሲያጮህ፣ ሴቶቹ ቆርቆሮ ሲመቱ፣ ልጆቹ ጭስ ሲያጨሱ ውለው፣ ሲመሽ ከማሽላው የቀረው አገዳ፣ ከጤፉ የቀረው ጭድ በነበረ ጊዜ፣ ያ መንጋ ከዓመት በፊት በሩቅ አገር ከወረደ የዐውሎ ዝናብ መወለዱን የነገራቸው አልነበረም። ሉባንን በነፋሱ ፍጥነት ለለካው ሰው ትንሽ ዐውሎ ነበር፤ የዘራውን ላጣው የወሎ ገበሬ ግን ከታላላቆቹ ታላቅ ነበር።

የሚቃወሙኝ ሰዎች ሦስት መልስ ይሰጡኛል። በመጀመሪያ፣ የበልግ መቅረት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅና መቀዝቀዝ፣ የሕንድ ውቅያኖስ ሙቀት፣ ከሰሜን የሚመጣው የአየር ሥርዓትም አለበት ይሉኛል። እውነት ነው። እኔም ዐውሎው ብቸኛው ምክንያት ነው አላልሁም። ነገር ግን ከነዚህ ምክንያቶች ብዙዎቹ በወራት የሚለኩ፣ የወቅቱን ጠቅላላ ዕድል የሚያመለክቱ ናቸው፤ ዐውሎው ግን ዛሬ ተነሥቶ የሚመጣውን ሳምንት የሚነካ ነው፤ ዘሩን በእጁ ይዞ ለቆመ ገበሬ ከሁሉ የሚቀርበው ምክንያት ይህ ነው። በሁለተኛው፣ የዐውሎን መለዋወጥ ታላላቆቹ አገሮች እንኳ በትክክል መተንበይ አቅቷቸዋል ይሉኛል። ይህም ግማሽ እውነት ነው፤ የጋቲን ዓይነት ድንገተኛ መበርታት አስቀድሞ መናገር እስከ ዛሬ አስቸጋሪ ነው። ነገር ግን ዐውሎው የሚሄድበትን መንገድ መተንበይ ከብርታቱ ይልቅ እጅግ ተሻሽሏል፤ ለእኛ የሚያስፈልገን ደግሞ በይበልጥ መንገዱና ስፋቱ ነው። አስቸጋሪውን ቁጥር እያሳደድን ቀላሉን ዕውቀት መተዋችን አያስመሰግነንም።

በሦስተኛው፣ ድኻ አገር ስለ ሩቅ ባሕር የሚጨነቅበት ገንዘብ የለውም ይሉኛል። ይህን መልስ ከሁሉ አጥብቄ እቃወማለሁ። ለደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ በሬኡንዮን ደሴት፣ ለዓረብ ባሕር በኒው ዴልሂ የተቋቋሙት ማእከሎች፣ ዐውሎ በተነሣ ጊዜ ሁሉ ስፍራውን፣ መንገዱን፣ ብርታቱን፣ የበረታው ነፋስ በአራቱም ማዕዘን እስከ የት እንደሚደርስ ጭምር በየስድስት ሰዓቱ ለዓለም ሁሉ ያለ ዋጋ ያስታውቃሉ። ከዚህ ሁሉ ሀብት እኛ ለሕዝባችን የምናደርሰው አንዱን ቁጥር ብቻ ከሆነ ጉድለቱ የገንዘብ አይደለም፣ የማሰብ ነው። ወረኢሉ እንዲህ ያለውን ሰበብ ከማንም ይልቅ አትቀበልም፤ በጥቅምት 1888 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት ወደ ዐድዋ ሊዘምት የከተተው በእርሷ ሜዳ ነው። ጠላት በምጽዋ በኩል ከባሕር ሲገባ የጠረፍ ሰዎች ጉዳይ ነው ብሎ የቀረ ቢበዛ ኖሮ፣ ያ ጠላት የሸዋንና የወሎን ደጋ ሳይነካ ይቀር ነበርን? ከባሕር የሚነሣ ነገር ሁሉ ሲደርስብን ብቻ ነገራችን ይሆናል የሚለው አስተሳሰብ በዚያ ዘመን ያልሠራ፣ በዚህም ዘመን የማይሠራ ነው።

እንግዲህ የምጠይቀው ነገር የተወሰነ ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በልግን ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች እያለ ከሚያወጣው የወቅት ትንበያ ጋር፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በሚያወጣው የአሥር ቀን መግለጫ ውስጥ፣ በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ዐውሎ መኖር አለመኖሩን፣ ከማዳጋስካር ምሥራቅ ወይም ምዕራብ መቆሙን፣ ይህም ለበልግ አብቃይ ወረዳዎች ምን ማለት እንደ ሆነ በግልጽ አማርኛ ይጻፍ፤ የግብርና ባለ ሙያውም ያንን ይዞ እስከ ቀበሌ ይውረድ። በዓረብ ባሕር ዐውሎ ምድረ በዳ በገባ ጊዜ፣ ደረጃው የቱንም ያህል ዝቅ ያለ ቢሆን፣ የአንበጣ ጠባቂዎቻችን የሚቀጥለውን ዓመት ዝግጅት በዚያው ወር ይጀምሩ። በወረኢሉና በመካነ ሰላም ትምህርት ቤቶች መምህሩ ስለ ዐውሎ ነፋስ ሲያስተምር አምስቱን ደረጃዎች አስጠንቶ አያሰናብት፤ የሕንድ ውቅያኖስን ካርታ ዘርግቶ እርጥበቱ ከየት ተነሥቶ በየት በኩል ወደ ልጆቹ አባቶች ማሳ እንደሚመጣ፣ በመንገድም ማን ሊወስድበት እንደሚችል ያሳይ። ዜና ነጋሪውም የነፋሱን ፍጥነት በተናገረ ቁጥር ስፋቱን፣ ስፍራውንና ዝናቡን ጨምሮ ይናገር፤ ይህን ማድረግ ሁለት ዐረፍተ ነገር መጨመር ብቻ ነው።

ዕውቀት ሁሉ ለሁሉም ሰው እኩል አይጠቅምም፤ የጣራው መገንጠል ለሚያሳስበው ለጠረፉ ሰው የነፋሱ ፍጥነት፣ የዝናቡ መወሰድ ለሚያሳስበው ለደጋው ሰው የነፋሱ አካልና መንገድ ይገባዋል። ለጠረፍ ሰው የተዘጋጀውን መልስ ለደጋ ሰው እያደረስን ከኖርን፣ ገበሬያችን አይመለከተኝም ብሎ ጆሮውን ቢደፍን ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ ስለ ዐውሎ የነገርነው ነገር በእውነት አልተመለከተውምና። የሚመለከተውን ማለት ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዘሩና ስለ አንበጣው የሚናገረውን እንንገረው፤ ያን ጊዜ የወረኢሉ ገበሬ ከባሕር ጠረፍ ነዋሪ ባልተናነሰ ትጋት እንደሚያዳምጥ፣ ሰምቶም ዘሩን በምን ቀን እንደሚያወጣ በራሱ ማስተዋል እንደሚወስን አልጠራጠርም።